«ስንፍና ነው» ከማለታችን በፊት

ጎረቤቴ ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል፤ ሥራቸው ሒሳብ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ ናቸው። ስኳር እንዳለባቸው ሲታወቅ ሐኪማቸው በወረቀቱ ግርጌ «ስፖርት ይሥሩ» ብሎ ጻፈላቸው። ልጆቻቸው ስኒከር ገዙላቸው። ሁለት ቀን ማለዳ ተነሥተው ሮጡ፤ በሦስተኛው ጉልበታቸው አበጠና ተዉት። ለቀጠሮ ሲመለሱ «እናቴ፣ ስንፍና ነው እንጂ ሌላ ምን ምክንያት አለዎት?» ተባሉ። ስኒከሩን ካርቶኑ ውስጥ መልሰው አልጋ ሥር ከተቱት። ከዚያም ስምንት ወር ሙሉ ክሊኒኩ ድርሽ አላሉም።

የማይንቀሳቀስ ሰው ሰነፍ ነው፣ ቆራጥ ቢሆን ይነሣ ነበር የሚለው አባባል የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ሰውን አያስነሣም፤ ከሐኪሙ ያሸሻል።

አባባሉ ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም። ያለ ራስ ውሳኔ አይጀመርም፤ ማንም ለሌላው አይራመድለትም። ገና ሳይነጋ መስቀል አደባባይ ደረጃውን የሚወጡና የሚወርዱትን ያየ ሰው «እነሱ ከቻሉ እኔስ?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶው፣ ማለትም 1.8 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ በቂ እንቅስቃሴ አያደርግም ነበር። ይህን ሁሉ ሕዝብ ባንድ ጊዜ ስንፍና ያዘው? ሥራችን ወንበር ላይ ሆነ፤ መንገዱን በመኪና እንጨርሰዋለን፤ ማታ ስንገባ ደክሞናል። እትዬም ቢሆኑ ፍላጎት አላጡም። ያጡት ፍላጎታቸውን ከዕለት ኑሯቸው ጋር የሚያገናኝላቸው ሰው ነው።

ሰው ልማዱን እንዲለውጥ የሚያግዘው የባህርይ ሕክምና የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳስረዳው «እችላለሁ» የሚለው እምነት ከምክርና ከማበረታቻ ይልቅ የሚጠነክረው ሰው በገዛ እጁ ሠርቶ በተሳካለት ነገር ነው፤ ትንሽም ብትሆን። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ደግሞ «እንቀሳቀሳለሁ» ብሎ ከማሰብ ይልቅ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ ጊዜና ቦታ ቆርጦ ማቀድ ምን ያህል እንደሚረዳ አሳይቷል።

እትዬን እህታቸው እየጎተተች ሌላ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። እዚያ ያገኘቻቸው የሥነ ልቦና ባለሙያ ስለ ስፖርት አንድም ቃል ሳትናገር «ከሥራ በምን ይመለሳሉ?» አለቻቸው። በታክሲ። «የት ይወርዳሉ?» በራቸው አጠገብ። እቅዱ ከዚህ ወጣ፤ ታክሲው ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ይላሉ፤ የቀረውን በእግራቸው፣ ጉልበታቸው በሚችለው ፍጥነት። ቤት ሲገቡ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካሌንደር የዕለቱን ቁጥር በእርሳስ ያከብቡታል። ካሌንደሩን አይቼዋለሁ። አራት ቀን ባዶ ነው፤ ለቅሶ የተቀመጡበት። ባለሙያዋ ስለነዚያ ቀናት አልወቀሰቻቸውም፤ «ነገስ?» ብቻ አለቻቸው። በአምስተኛው ቀን ክቡ ተመልሷል።

ተአምር ነው አላልኩም። ክትትሉ ሲቆም ብዙ ሰው ወደ ቀድሞው እንደሚመለስ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ለዓመታት የሚያዘልቀው መንገድ የቱ እንደሆነ ሙያው ራሱ ገና እየፈለገ ነው። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ሰፈር ደግሞ ምክር ብቻውን ሩቅ አያስኬድም።

ስለ እንቅስቃሴ የሚነገሩትን ሌሎች አባባሎች ማፍረስ ብዙ አያደክምም። «21 ቀን ከሠራህ ልማድ ይሆናል» የሚባለው መነሻው ማክስዌል ማልትዝ የተባለ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመው መጽሐፍ ነው፤ እሱ የጻፈው ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን እስኪለምዱ ስለሚወስደው ጊዜ ነበር። የለንደን ተመራማሪዎች በ96 ሰዎች ላይ ሲያዩት ልማድ ለመሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ፤ ስሌቱ ለአንዳንዱ 18፣ ለአንዳንዱ 254 ቀን አወጣ። አንድ ቀን መዝለልም ያን ያህል ጉዳት አላመጣም። በ22ኛው ቀን «አልሆነልኝም» ብሎ የተወ ሰው የተሸነፈው በተሳሳተ ቁጥር ነው።

አሥር ሺህ እርምጃም ከሐኪም ቤት የወጣ ትእዛዝ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነበር። በአማካይ 72 ዓመት በሆናቸው አሜሪካውያን ሴቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በቀን 4,400 ገደማ የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ከ7,500 በላይ ግን ልዩነቱ ብዙም አልጨመረም።

«ካላላበህ፣ ጂም ካልገባህ አይቆጠርም» የሚሉም አሉ። ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ቀድሞ የነበረውን «በአንዴ ከ10 ደቂቃ ማነስ የለበትም» የሚለውን ገደብም አንሥቶታል። ትንፋሽ የሚያፈጥን ከሆነ ወለል መወልወልም ይገባበታል። ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚያመው ሰው ግን አስቀድሞ ይመርመር።

የጤና ባለሙያዎች፣ እናንተም እናት አባት ያላችሁ ልጆች፣ «ስፖርት ይሥሩ» ብላችሁ አትለፉ። በስንት ሰዓት፣ ከየት እስከ የት፣ ከማን ጋር እንደሆነ ጠይቁና መልሱን በራሳቸው አንደበት ሲነግሯችሁ ጻፉት። የቀሩበትን ቀን ሲነግሯችሁም አትቆጡ፤ ስለ መጪው ቀን ጠይቋቸው።