ቁልፉን የሚጫነው ማነው?

በአሽዶድ ሮቫ ዩድ ዛይን አዛካ ሲጮህ ቤተሰቡ ወደ ማማድ ወይም ወደ ሚክላት ለመግባት ያለው ጊዜ 45 ሰከንድ ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚሰማው ፍንዳታ ብዙውን ጊዜ ኪፓት ባርዜል ሮኬቱን ሰማይ ላይ ሲመታው ነው። «የተኮሰው ሰው ነው ወይስ ማሽን?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ቢኖር፣ ወላጆች በችኮላ ባይመልሱት ይሻላል። ጥያቄው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል።

በአሽዶድ አጠገብ ኪፓት ባርዜል የተተከለው በ2011 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ራዳሩ ሮኬቱን ያያል፤ ኮምፒውተሩ የት እንደሚወድቅ ያሰላል። ባዶ ሜዳ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ይተወዋል፤ ሰው ወዳለበት የሚመጣ ከሆነ ታሚር የተባለው ሚሳይል እንዲተኮስበት ያመለክታል። ማዘዣ ክፍሉ ውስጥ ግን ወታደሮች አሉ። ብዙዎቹ ገና ከትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ናቸው፤ ነገ የእኛ ልጆችም እዚያ ሊመደቡ ይችላሉ።

ሰው መኖሩ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። በ2003 በኢራቅ ጦርነት ጊዜ ፓትርዮት የተባለው የአሜሪካ ፀረ ሚሳይል መሣሪያ የወዳጅ አገር የእንግሊዝን አውሮፕላን የጠላት ሚሳይል አድርጎ ቆጠረው። ወታደሮቹ ማሽኑን አምነው ተኮሱ፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት ሁለቱም ሰዎች ሞቱ። ለመጠራጠር የነበራቸው ጊዜ እጅግ አጭር ነበር።

ኪፓት ባርዜል የሚመታው ብረት ነው። ዒላማው ሰው ሲሆንስ? የጦርነት ሕግ ተዋጊውን ከሰላማዊው ሰው መለየትን ያዛል፤ እጁን የሰጠን ወይም ቆስሎ የወደቀን መምታትም ይከለክላል። ከጎንደር ገጠር የመጣ አንባቢ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። እዚያ ገበሬ ጠመንጃውን አንግቶ ገበያ ይወጣል፣ ሠርግ ይሄዳል፤ እረኛውም ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከብቱን ይከተላል። የአገሩን ልማድ የሚያውቅ ሰው አይቶ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። ከላይ የሚመለከት ማሽን ግን የሚያየው የሰው ቅርጽና የረዘመ ነገር ነው። ጠመንጃውን በትክክል ቢለየው እንኳ የያዘው ሰው ምን እንዳሰበ አያውቅም።

መሬት ውስጥ የሚቀበር ፈንጂም በራሱ ይገድላል፤ የረገጠው ወታደር ይሁን እንጨት ለቃሚ ልጅ አይጠይቅም። ከ1998 እስከ 2000 በነበረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ብዙ ፈንጂ ተቀብሯል። ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን የኦታዋ ስምምነት ኢትዮጵያ በ2004 አጽድቃለች፤ እስራኤል አልፈረመችም።

ሌላው ከባድ ጉዳይ የተጠያቂነት ነው። ያለ አግባብ የገደለ ወታደር ፍርድ ቤት ይቀርባል። ማሽን ቢሳሳት ግን ማን ይከሰሳል? ያሰማራው አዛዥ፣ የሠራው ፋብሪካ ወይስ ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያ?

በዲሴምበር 2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዚህ ጉዳይ ላይ ድምፅ ሲሰጥ 152 አገሮች ውሳኔውን ደገፉ፤ እስራኤል ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። የእስራኤል አቋም ያለው የጦርነት ሕግ በቂ ነው፣ ቴክኖሎጂውም ሰላማዊ ሰዎችን ለመጠበቅ ሊረዳ ይችላል የሚል ነው። ሮኬትን በሚመለከት ይህ አባባል ውኃ ያነሳል፤ ስለ እረኛው ግን ገና መልስ አልሰጠም። የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉቴሬዝ አገሮች እስከ 2026 ድረስ አስገዳጅ ስምምነት ላይ እንዲደርሱ በ2023 ጠይቀው ነበር።