ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ ለምን ይሞቃል?

ከሩቅ ወደ ሬድዮናችን የሚደርሰው ምልክት እጅግ ደካማ ነው። እንዳለ ለጆሯችን ቢሰጥ ምንም አይሰማንም። ስለዚህ በሬድዮው ውስጥ ደካማውን የሚያጎላ ክፍል አለ። በቴፕም፣ በስብሰባ አዳራሽ ድምፅ ማጉያም፣ በእጅ ስልካችንም ውስጥ አለ። ይህ ክፍል አምፕሊፋየር ይባላል።

ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ ለየት ያለ አምፕሊፋየር ነው። ድምፁን የሚሰጠው ለአዳራሽ ሳይሆን ጆሮ ላይ ለሚደፋ ማዳመጫ ነው። ላዩ ላይ እንደ አምፖል የሚበሩ ብርጭቆዎች ቆመውበታል። ይህን መሣሪያ ያየነው አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ፣ በአንድ የዶርዜ ሸማኔ ቤት ነው። ልጃቸው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። ከሽመናው ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ ለአባቱ ገዛላቸው።

አባት የዶርዜን ዘፈን ይወዳሉ። የዶርዜን ዘፈን የሰማ ያውቀዋል፤ ብዙ ሰው በየራሱ ድምፅ እየገባ እየወጣ ነው የሚዘፍነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ቤርናር ሎርታ ዣኮብ የተባለ ፈረንሳዊ ምሁር ወደ ዶርዜ መጥቶ ይህን ዘፈን ቀርጾ በሸክላ አሳትሞታል። አባት የሚያዳምጡት ግን ሸክላውን አይደለም። ልጃቸው ከዓመታት በፊት በመስቀል በዓል በስልኩ የቀረጸውን ነው። በመካከሉ የሟች ወንድማቸው ድምፅ አለበት። በማዳመጫው ሲሰሙት ያን አንድ ድምፅ ከሌላው ይለዩታል።

እንግዲህ አንድ ቀን እኛ ቁጭ ብለን ስናወጋ የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። ዞር ብለን ብናይ መሣሪያው ወፍራም የጥልፍ ልብስ ለብሷል። ኧረ ሶኬቱን ንቀሉት! ብለን ተነሣን። ልብሱን ስንገልጠው ከብርጭቆው ጋር የተነካካው ጫፉ ጠቁሯል። ከአጠገቡ የነበረው ሽቦም ላስቲኩ ቀልጧል። እናት ደነገጡ። «አቧራ እንዳይገባበት ብዬ እኮ ነው!» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሬድዮና ቴሌቪዥን ልብስ ማልበስ በየቤታችን የኖረ ነው። ይህኛው ግን ልብስ አይችልም።

ለምን? እስቲ ብርጭቆውን እንመልከት። ብርጭቆው ቫልቭ ይባላል። አየሩ ከውስጡ ተመጥጦ ወጥቶ የታሸገ ነው። መካከሉ ላይ በኤሌክትሪክ የምትግል ትንሽ ብረት አለች። ሙቀቷ ከ700 ዲግሪ ያልፋል። እንዲህ ስትግል ኤሌክትሮን የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ከላይዋ ይነሡና ዙሪያዋን ወደ ቆመው ሌላ ብረት ይሮጣሉ። በመንገዳቸው ላይ ከቀጭን ሽቦ የተሠራ ወንፊት መሰል ነገር ተዘርግቷል። ደካማው ድምፅ የሚገባው በዚህ ወንፊት ነው።

በኩልፎና በሐሬ ወንዝ ውሃ ሙዝ የምታለሙ ሰዎች ይህን ቶሎ ትረዱታላችሁ። የቦዩን መዝጊያ አንድ ልጅ ከፍ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። የሚለቀቀው ውሃ ግን ልጁን ራሱን ይዞት ሊሄድ ይበቃል። የልጁ ጉልበት ውሃውን አልፈጠረውም፤ መራው እንጂ። ወንፊቱ ላይ የገባው ደካማ ድምፅም ብዙውን የኤሌክትሮን ጎርፍ ይመራዋል። ጎርፉም የድምፁን መልክ ይዞ፣ በርትቶ ይወጣል።

ወንፊቱን በብርጭቆው ውስጥ ያስገባው ሊ ዲ ፎረስት የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1906 ነበር። በአገራችን የአቃቂ ሬድዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሲመረቅ የሬድዮን ድምፅ የሚያጎላው ቫልቭ ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1947 አሜሪካ ውስጥ ትራንዚስተር ተፈለሰፈ። ትራንዚስተር ትንሽ ነው፣ መጋል አያስፈልገውም፣ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። መብራት ያልገባበት ገበሬ ቤት ሬድዮ ሊገባ የቻለው በትራንዚስተር ነው። ቫልቭ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ዛሬም በሩስያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ይሠራል፤ ድምፁ ይለሰልሳል የሚሉ ወዳጆች አሉትና። እኛን ብትጠይቁን ነገሩ የጣዕም ነው። በርካሽ ዋጋ ጥርት ያለ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ባለ ትራንዚስተሩን ቢገዛ ይሻለዋል።

ወደ ሙቀቱ እንመለስ። 6ኤስኤን7 የሚባለውን የታወቀ ቫልቭ እንውሰድ። ብረቱን ለማጋል ብቻ ወደ 4 ዋት ይበላል። አራት ቫልቭ ሲሆን 15 ዋት ያህል መሆኑ ነው። ጆሮ ላይ ያለው ማዳመጫ ግን ብዙውን ጊዜ የሚበቃው የአንድ ዋት ሺህኛ ክፍል ጥቂት እጥፍ ነው። የቀረው ኃይል የት ይሄዳል? ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በትንሽ የፀሐይ ብርሃን ሰሌዳ መብራት የሚያበራ ቤት ይህን መሣሪያ ባይመኝ ይሻላል።

ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል። የዶርዜን የቀርከሃ ቤት አስቡ። ከታች እሳት ሲነድ ጭሱና ሙቁ አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ በረጅሙ ጣሪያ በኩልም ሾልኮ ይወጣል። በስሩ ቀዝቃዛው አየር በበሩ ይገባል። መሣሪያውም እንዲሁ ነው። አጫጭር እግሮች ያሉት ከታች አየር እንዲገባ ነው፤ ከላይ ቀዳዳ ያለው ሙቁ እንዲወጣ ነው። ፍራሽ ላይ ካስቀመጥነው የታችኛው በር ተዘጋ። ልብስ ካለበስነው የላይኛው ተዘጋ። ግድግዳ ላይ ካስጠጋነውም አየሩ ይታፈናል።

በዚያ ላይ አርባ ምንጭ ቆላ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ላይ ይገኛል። ጨንቻ ግን ወደ 2,700 ሜትር ነው፤ እዚያ ጋቢ ይለበሳል። እንበልና መሣሪያው ከአካባቢው አየር በ40 ዲግሪ ይሞቃል። ጨንቻ አየሩ 15 ዲግሪ በሆነበት ቀን የመሣሪያው ውስጥ 55 ይደርሳል። አርባ ምንጭ አየሩ 32 በሆነበት ቀን ደግሞ 72 ይሆናል። በውስጡ ካፓሲተር የሚባል፣ ትንሽ ጣሳ የመሰለ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ አለ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዚህ ዕቃ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል። ጨንቻ ብዙ ዓመት የሚቆየው ዕቃ ቆላ ሲወርድ ቶሎ ያረጃል ማለት ነው።

ይህ ጣሳ ሌላም ጠባይ አለው። ሶኬቱ ከግድግዳው ተነቅሎም ያጠራቀመውን ይዞ ይቆያል። በቫልቭ መሣሪያ ውስጥ ደግሞ 250 ቮልትና ከዚያ በላይ ይገኛል። ይህ ሰው ይገድላል። «ነቅዬዋለሁ፣ ምን ያደርገኛል» ብሎ ክዳኑን በቢላ የሚከፍት ሰው አይተናል። እግዜር አተረፈው። መክፈት የሙያው ባለቤት ሥራ ነው።

ያን ቀን ከሙቀቱ ሌላ መሰኪያውም አነጋገረን። የጎረቤት ልጅ የራሱን ማዳመጫ ሊሞክርበት ፈልጎ ሽቦ ቀጣጥሎ መጣ። «ይገጥማል እኮ!» አለ። መግጠሙስ ይገጥም ነበር።

የተለመደው የማዳመጫ ጃክ ሦስት መስመር አለው፤ አንዱ ለግራ ጆሮ፣ አንዱ ለቀኝ፣ ሦስተኛው የሁለቱ የጋራ መመለሻ። የሸማኔው መሣሪያ ግን ሚዛናዊ የሚባለው ዓይነት ነው። መሰኪያው ክብ ነው፣ አራት እግር አለው። ለእያንዳንዱ ጆሮ ሁለት ሁለት ሽቦ ይሄዳል፤ የጋራ የሚባል የለም። ሁለቱ ሽቦዎች እንዴት እንደሚሠሩ ለሸማኔ ማስረዳት ቀላል ነው። ሸማኔው በእግሩ ሲረግጥ ግማሹ ድር ወደ ላይ ይነሣል፣ ግማሹ ወደ ታች ይወርዳል። በሌላው እግሩ ሲረግጥ ደግሞ ይገለበጣል። ሁለቱ ሽቦዎችም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። አባት ይህን ሲሰሙ ሳቁና «ታዲያ እኔ ስሠራው ነው የኖርኩት» አሉ።

ሁለቱም ስለሚሠሩ ማዳመጫው የበለጠ ኃይል ያገኛል። አደጋውም ከዚህ ይመጣል። ሚዛናዊውን መውጫ ባለ ሦስት መስመር ጃክ ላይ በሽቦ ብንቀጥለው የግራውና የቀኙ መመለሻ ይገናኛሉ። ሁለቱም ኃይል ያለባቸው ስለሆኑ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ መሣሪያው ሊቃጠል ይችላል። ለዚያ ልጅ ያልነው ይህንኑ ነው። መሣሪያው ለተለመደው ጃክ የተሠራ ሌላ ቀዳዳ ነበረው፤ በዚያ ሰክቶ አዳመጠ። ድምፁን አስቀድሞ ዝቅ እንዲያደርግም ነገርነው፤ ጆሮ መለዋወጫ የለውም።

ሚዛናዊ የሚለው ስም የመጣው ከሌላ ጥቅም ነው። በአዳራሽ ከማይክሮፎን የሚመጣ ረጅም ሽቦ በመንገዱ የመብራት መስመርን «እምምም» የሚል ድምፅ ይለቅማል። ሁለት ሽቦ ሲሆን ግን ሁካታው በሁለቱም ላይ እኩል ይገባል። የገበያ ሚዛን ዝናብ ቢዘንብበት ሁለቱም ሳህን እኩል ውሃ ይይዛል፤ ሚዛኑ አያጋድልም። የሚያጋድለው የእህሉ ልዩነት ብቻ ነው። አምፕሊፋየሩም ልዩነቱን ብቻ አንሥቶ ሁካታውን ይተወዋል። ለማዳመጫ አጭር ሽቦ ግን ይህ ጥቅም እምብዛም ነው፤ ሻጩ ቢያጋንን አትመኑት።

የሸማኔው መሣሪያ ባለሙያ ዘንድ ሄዶ የቀለጠው ሽቦና አንድ ካፓሲተር ተለወጠለት። አሁን መስኮቱ አጠገብ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ፣ ጣውላ ላይ ተቀምጧል። የጥልፍ ልብሱም አልተጣለም፤ መሣሪያው ጠፍቶ ሲበርድ እናት ያለብሱታል። ማታ ማታ አባት ልብሱን ገልጠው ያበሩትና ብርጭቆው እስኪቀላ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቃሉ። ከዚያ ማዳመጫውን ይደፋሉ።