መንግሥት ሳይንቲስቶችን የሚያማክረው እንዴት ነው?

በ2017 ዓ.ም. በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች፣ በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ ምድር ደጋግማ ተንቀጠቀጠች። ነዋሪዎች በቤታቸው ይቆዩ ወይስ ይውጡ? ይህን ለመወሰን መንግሥት የባለሙያ ምክር ያስፈልገዋል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመሣሪያ የተመዘገበውን ንዝረት መርምረው፣ ከመሬት በታች የቀለጠ ዐለት እየተንቀሳቀሰ መሆኑን አስረዱ። ቀጣዩ መንቀጥቀጥ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚከሰት ግን ማንም አስቀድሞ ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ጥሩ አማካሪ የሚያውቀውን ብቻ ሳይሆን የማያውቀውንም በግልጽ ያስረዳል።

መምከር የሳይንቲስቶች፣ መወሰን ደግሞ የመንግሥት ድርሻ ነው። በዚያን ጊዜም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ለደኅንነታቸው ሲባል ከስፍራው እንዲነሡ ተደርጓል።

ልጆች፣ እናንተም «ይህ በምን ታወቀ?» ብላችሁ መጠየቅን ልመዱ፤ የመልካም ውሳኔ መነሻ ይህ ጥያቄ ነው።