ክብደቱ ስንት ነው? ከምንስ የተሠራ ነው?

የሕፃናት ዕድገት ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት

ከአራት ኪሎው የሳይንስ ግቢ ወጥቶ ወደ ፒያሳ ለሚያዘግም ሰው ዶሮ ማነቂያ የምትባለው ሰፈር ሩቅ አልነበረችም። አሮጌ ቤቶቿ በ2016 ዓ.ም. በልማት ምክንያት ከመፍረሳቸው በፊት፣ አጥር ለአጥር በተደጋገፉት ግቢዎቿ ውስጥ አንዲት እናት በወለደች ጊዜ ወሬው ከቤት ወደ ቤት ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም ነበር። አራስ ጠያቂው ገንፎውን ቀምሶ፣ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የተባለችውን እናት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካለ በኋላ ዐይኑ ወደ ሕፃኑ ይዞራል። ጥቂት ወራት አልፈው ሕፃኑ ጉንጩ ሞልቶ፣ ክንዱ ቀለበት ሠርቶ ሲታይም ምስክርነቱ አንድ ነው፦ «ፋፋ!» ይባላል።

በሌላ በኩል ዶሮ ገበያ የወጣ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይረካም። ዶሮይቱን አንሥቶ ክብደቷን በእጁ ከገመተ በኋላ ላባዋን ገለጥ አድርጎ ደረቷን ይዳስሳል። ከላባው በታች ያለው ሥጋ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋልና። ለመሆኑ ለዶሮ የምናደርገውን ይህን ጥንቃቄ ለሕፃናት አድርገን እናውቃለን? አንድ ሕፃን «ክብደት ጨመረ» ሲባል የጨመረው ምንድን ነው? ስብ ነው? ጡንቻ ነው? አጥንት ነው? ልዩነቱስ በኋላ ዘመኑ ላይ የሚያመጣው ነገር አለ? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ለመዳሰስ እንሞክራለን። («ዓ.ም.» ከተባለው በቀር በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሺህ ቀናት

የሥነ ምግብ ባለሙያዎች «የመጀመሪያዎቹ ሺህ ቀናት» የሚሉት ጊዜ የእርግዝናውን 270 ቀናትና የልጁን የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት 730 ቀናት በአንድነት የያዘ ነው። የሰው ልጅ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚያድገውን ያህል በሌላ በየትኛውም የዕድሜው ክፍል አያድግም። በተለይ አንጎል ከፍተኛ ተካፋይ ነው። አንድ ሕፃን በዕረፍት ላይ ሳለ ሰውነቱ ከሚጠቀምበት ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚወስደው አንጎሉ ነው።

ይህ ዕድገት በትክክል መሄድ አለመሄዱ የሚታወቀው ክብደትንና ቁመትን ከመለኪያ ጋር በማነጻጸር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ከ8,000 በላይ ሕፃናትን አስጠንቶ በ2006 ባወጣው መለኪያ መሠረት፣ ከእድሜው አንጻር ቁመቱ ከሚጠበቀው በእጅጉ ያነሰ ልጅ «ቀንጭሯል» ይባላል። ከጥናቱ የተገኘው ትልቅ ቁም ነገር በተገቢው መንገድ የተመገቡና ጤናቸው የተጠበቀ ሕፃናት፣ የየትኛውም አገር ልጆች ቢሆኑ፣ በቁመት ተቀራራቢ ዕድገት የሚያሳዩ መሆናቸው ነው። «የእኛ ልጆች በተፈጥሯቸው አጭር ናቸው» የሚለው ማጽናኛ ስለዚህ ብዙም አያስኬድም።

በአገራችን በተደረጉት የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች መሠረት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች መካከል የቀነጨሩት በ2000 58 በመቶ፣ በ2011 44 በመቶ፣ በ2016 38 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ 37 በመቶ ነበሩ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ያወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን እስከ 2030 ለማስወገድ ያለመ ነው። የ2016ቱ ዳሰሳ በአማራ ክልል 46 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 15 በመቶ የሚሆኑት ልጆች የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ሙሉ በሙሉ ድናለች ማለት አይደለም። ያለቅጥ መወፈር፣ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ከገጠሩ ይልቅ ጎልተው የሚታዩት በከተማ ነውና፣ ሁለቱ ችግሮች በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ ይገናኛሉ።

ከማኅፀን የሚጀምር ታሪክ

እነዚህ ተቃራኒ የሚመስሉ ችግሮች ሥራቸው አንድ ሊሆን እንደሚችል ካመለከቱት ተመራማሪዎች ዋነኛው እንግሊዛዊው ሐኪም ዴቪድ ባርከር ነበሩ። በእንግሊዝ ሃርትፎርድሽር ግዛት የጤና ጎብኝዎች የሕፃናትን ክብደት ሲወለዱና አንድ ዓመት ሲሞላቸው በመዝገብ ያሰፍሩ ነበር። ባርከርና ባልደረቦቻቸው ከ1911 እስከ 1930 የተወለዱትን ከ5,600 በላይ ወንዶች በዚሁ መዝገብ ተከታትለው በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ በልብ ደም ሥር በሽታ በብዛት የሞቱት ሲወለዱና በአንድ ዓመታቸው ክብደታቸው አነስተኛ የነበረው መሆናቸውን አሳዩ። የሽምግልና በሽታ ተብሎ የሚታሰበው ሕመም ፍንጩ በአራስነት መዝገብ ውስጥ ተገኘ ማለት ነው።

ነገሩን ያጠናከረው ሌላው ማስረጃ ከ1944 እስከ 1945 በነበረው የጦርነት ክረምት በሆላንድ የደረሰው ረሃብ ነው። በዚያን ጊዜ የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ከ1,000 ካሎሪ በታች ወርዶ ነበር። ረሃቡ በእርግዝናቸው መጀመሪያ ላይ ካገኛቸው እናቶች የተወለዱት ሰዎች በጎልማሳነታቸው ለልብ በሽታ ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። በእርግዝናው አጋማሽና መጨረሻ ካገኛቸው የተወለዱት ደግሞ ሰውነታቸው የደም ስኳርን የመቆጣጠር ችሎታው የደከመ ነበር።

ይህ እንዴት ይሆናል? ፅንስ ምግብና ኦክስጂን የሚያገኘው በእንግዴ ልጁና በእትብቱ በኩል ነው። የሚመጣው ሲያንስ ለአንጎሉ ቅድሚያ ይሰጥና ከሌሎቹ አካላት ይቆጥባል። ጡንቻው ይሳሳል፤ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩት ሕዋሳት ቁጥር ይቀንሳል፤ ደም የሚያጣሩት የኩላሊት ኔፍሮኖችም ያንሳሉ። ኔፍሮኖች ደግሞ ተሠርተው የሚያልቁት ከመወለድ በፊት ስለሆነ በኋላ በምግብ ብዛት አይተኩም። ሜታቦሊዝሙ፣ ማለትም ሰውነት ምግብን ወደ ኃይልና ወደ አካል የሚለውጥበት ሥርዓት፣ ችግርን እንዲችል ሆኖ ይቃኛል። ልጁ አድጎ በችግር ፈንታ ጥጋብ ቢገጥመው ትንሹ ጡንቻ የደም ስኳሩን መምጠጥ፣ የተመናመነው ቆሽትም በቂ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቅታቸዋል። ለድርቅ የተበጀ ጎተራ ጎርፍ አይችልም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። ስቴፈን ዴርኮንና ካትሪን ፖርተር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ሲበረታ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ ላይ የነበሩ ሕፃናት አድገው ሲለኩ ከታላላቆቻቸው ቢያንስ በ5 ሴንቲ ሜትር አጥረው እንደተገኙ ዘግበዋል። ረሃቡ አልፎ ከሃያ ዓመት በኋላም ልኬቱ በሰዎቹ አጥንት ውስጥ ይነበብ ነበር።

በጅማ የተለኩ አራሶች

ባርከር ያጠኑት ክብደትን ነው። ክብደት ግን፣ ከላይ እንዳልነው፣ ላባውንና ሥጋውን አይለይም። ይህን ለመለየት በጅማ ዩኒቨርሲቲና በዴንማርክ የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኅብረት ከ2008 እስከ 2012 በጅማ ሆስፒታል በተወለዱ ሕፃናት ላይ አንድ ጥናት ጀመሩ። 644 እናቶችና አራስ ልጆቻቸው በጥናቱ ታቀፉ። ሕፃናቱ በተወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ከዚያም እስከ ስድስት ወር ድረስ በተደጋጋሚ ተለኩ፤ ክትትሉም እስከ ዐሥር ዓመታቸው ዘለቀ።

መሣሪያው የተመሠረተው ተማሪዎች በክፍል ውስጥ በሚያውቁት የፊዚክስ ሕግ ላይ ነው። ሕፃኑ ራቁቱን ተመዝኖ ሙቀቱ በተስተካከለ ዝግ ክፍል ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ያህል ይተኛል። በክፍሉ ያለው አየር ይዘቱ በጥቂቱ እንዲለዋወጥ ሲደረግ የአየሩ ግፊት ይለዋወጣል። ከግፊቱ ለውጥ በመነሣት ሕፃኑ የያዘው ቦታ፣ ማለትም የሰውነቱ ይዘት፣ ይሰላል። አርኪሜዲስ በውኃ የሠራውን በአየር መሥራት ነው። ክብደቱ ለይዘቱ ሲካፈል እፍግታው ይገኛል።

የስብ እፍግታ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.90 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከስብ ነጻ የሆነው የአራስ አካል፣ ማለትም ጡንቻው፣ አጥንቱ፣ ደሙና የውስጥ ብልቶቹ በአንድነት፣ 1.06 ግራም ገደማ ነው። አሁን እያንዳንዳቸው 3 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሁለት አራሶች አሉ እንበል። የመጀመሪያው 300 ግራም፣ ሁለተኛው 150 ግራም ስብ አለው። ስሌቱን የሠራ አንባቢ የመጀመሪያው ይዘት 2,880 ሚሊ ሊትር ያህል፣ የሁለተኛው 2,855 ሚሊ ሊትር ያህል እንደሆነ ያገኛል። ልዩነቱ 25 ሚሊ ሊትር፣ ግማሽ ስኒ ቡና እንኳ የማይሞላ ነው። ሚዛን «እኩል ናቸው» ያላቸውን ሁለት ልጆች የሚለያያቸው ይህ ነው።

ምን ተገኘ?

በጅማው ጥናት ሲወለዱ ከስብ ነጻ የሆነ አካላቸው ከፍ ያለ ሕፃናት በሁለት ዓመታቸው በተደረገላቸው የዕድገት ፈተና፣ በተለይም በቋንቋ ችሎታ፣ የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ሲወለዱ የነበራቸው የስብ መጠን ግን ከዚህ ውጤት ጋር ግንኙነት አልታየበትም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ስብ በፍጥነት የጨመሩት በአምስት ዓመታቸው የስብ መጠናቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

ታዲያ ጉንጩ የሞላ ሕፃን ያሳስባል ማለት ነው? በፍጹም! የአራስ ስብ ብርድን ይከላከላል፤ ልጁ ታሞ አልጠባ ሲል ለአንጎሉ የሚሆን ስንቅ ነው። ክብደቱ አልጨምር ያለ ሕፃን ዛሬም ቢሆን አስቸኳይ ዕርዳታ ያስፈልገዋል። የጥናቱ መልእክት «ፋፋ» የምንለው ነገር ሁለት ፊት እንዳለው፣ ልጁ ክብደት ሲጨምር ቁመቱና ጡንቻውም አብረው ማደግ እንደሚገባቸው ነው። በተጨማሪም ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ ለሌላው መንሥኤ መሆኑን ብቻውን አያረጋግጥም። የተጠኑትም በአንድ ሆስፒታል ጊዜያቸውን ጠብቀው የተወለዱ ሕፃናት ናቸውና ውጤቱን ለሁሉም ከማዋል በፊት ማሰብ ይገባል።

አንድ እንቁላል በቀን

ጥንቃቄው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በአንድ ምሳሌ እንመልከት። ቁመትና ጡንቻ ለማደግ ጥሩ ፕሮቲን ይፈልጋሉ። በኢኳዶር ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ዕድሜ ላይ ያሉ ሕፃናት ለስድስት ወራት በየቀኑ አንድ እንቁላል እንዲያገኙ ተደርጎ በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት መቀንጨር በ47 በመቶ ቀነሰ። ደስታው ታላቅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በማላዊ ከ600 በላይ ሕፃናት ተሳትፈውበት ተመሳሳይ ሙከራ ሲደረግ ግን በቁመት ላይ ይህን የመሰለ ለውጥ አልታየም። በማላዊ ሕፃናቱ ከመጀመሪያውም ዓሣ ይመገቡ ስለነበር እንቁላሉ የጨመረላቸው ነገር አነስተኛ ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ገምተዋል።

ከዚህ የምንማረው እንቁላል የሚጠቅመው በጎደለበት ቦታ መሆኑን ነው። በአገራችን ከስድስት እስከ ሃያ ሦስት ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል በመጠንም በዓይነትም ዝቅተኛውን መስፈርት ያሟላ ምግብ የሚያገኙት በ2016 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጉድለቱ ሰፊ እንደመሆኑ የእንቁላል፣ የአተርና የባቄላ፣ የወተትና የአትክልት ቦታ በሕፃኑ ገንፎ ውስጥ ገና ክፍት ነው። እንቁላሉ ለገበያ፣ ቀጭኑ አጥሚት ለልጁ በሚሆንበት ቤት ሆድ ይሞላል፤ አጥንትና ጡንቻ የሚሠራበት ግን ይጎድላል።

በ1960ዎቹ በስዊድን ዕርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ያዘጋጀውን የሕፃናት ምግብ «ፋፋ» ብሎ መሰየሙ ይታወሳል። ስሙ ያማረ ምኞት ነበር። ምኞቱ ግን የሚጀምረው ከገንፎው በፊት ነው። ነፍሰ ጡሯ ክትትሏን በጊዜ ስትጀምር፣ ለደም ማነስ የሚሰጣትን የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ስትወስድ፣ ከማዕዱ የተሻለው ለእርሷ ሲቀርብ፤ ልጁም እስከ ስድስት ወር ድረስ ቅቤም ውኃም ሳይቀምስ የእናቱን ጡት ብቻ ሲጠባ ነው።

ካርዱ የት አለ?

ባርከር ያን ሁሉ ያወቁት የጤና ጎብኝዎች የሕፃናትን ክብደት በጥንቃቄ ስለጻፉና መዝገቡ ስላልጠፋ ነው። የጅማው ጥናትም ዋጋው ያለው ያንኑ ልጅ ከዓመት ዓመት መልሶ በማግኘት ላይ ነው። አንድ ጊዜ የተወሰደ ልኬት አንድ ነጥብ ብቻ ይሰጣል። ዕድገትን የሚያሳየው ነጥቦቹን የሚያገናኘው መስመር ነው።

ዶሮ ማነቂያ በፈረሰችበት ዓመት ከሰፈሩ ከተነሡት ቤተሰቦች መካከል የሺህ ቀናቸውን ግማሽ እንኳ ያልፈጸሙ ሕፃናት መኖራቸው አይቀርም። ቤተሰብ ዕቃውን ሲጭን ድስቱና ሳጥኑ አይረሳም። የሕፃኑ የዕድገት መከታተያ ካርድ ግን ቀላል ወረቀት ነው። ከቀድሞው ጤና ጣቢያ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል፤ «ልጁ ከስቷል፣ ሐኪም ይየው» ይሉ የነበሩት ጎረቤቶችም ተበትነዋል። ስለዚህ በየሰፈሩ ያላችሁ ተማሪዎች አዲስ ጎረቤት ሲገባ ከቡናው ቀጥሎ ሁለት ጥያቄዎች ብትጠይቁ ማለፊያ ነው፦ «የሕፃኑ ካርድ የት አለ? በቅርቡ የሚገኘውን ጤና ጣቢያስ አውቃችሁታል?»

ሕፃኑ ሲመዘንም ቁመቱ እንዲለካ አሳስቡ። የዶሮ ገዢው ብልሃት ለልጆቻችንም ይገባልና!