መረጃና ኃይል በአንድ ኬብል

በአንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ድንጋይ የሚያጓጉዘውን ቀበቶ የሚመለከት ካሜራ ከፍ ካለ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል እንበል። ካሜራው ሥራውን ለማከናወን ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም ምስሉን የሚያስተላልፍበት መስመርና የኤሌክትሪክ ኃይል ናቸው። ለእነዚህ ሁለት ጉዳዮች ሁለት ልዩ ልዩ መስመሮች መዘርጋት የተለመደ ነበር። «ፒኦኢ» በሚል አኅጽሮት የሚጠራው ዘዴ ግን መረጃውንም ኃይሉንም በአንድ የኢተርኔት ኬብል ያስተላልፋል።

ኬብሉ የሚነሣው መሣሪያዎችን እርስ በርስ ከሚያገናኘው ከስዊቹ ነው። ስዊቹ ኃይሉን በዘፈቀደ አይለቅም። በመጀመሪያ በጣም አነስተኛ በሆነ ቮልቴጅ መስመሩን ይፈትሻል። በሌላው ጫፍ ያለው መሣሪያ 25 ሺህ ኦም ያህል ሬዚስታንስ ካሳየ፣ ኃይል ተቀባይ መሆኑ ይታወቃል። ከዚህ በኋላ 48 ቮልት ገደማ የሆነ ቀጥታ ጅረት ይለቀቅለታል። ስለዚህ ኃይል የማይቀበል ኮምፒዩተር በስሕተት ቢሰካ ጉዳት አይደርስበትም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ደንብ ስዊቹ በአንድ መሰኪያ እስከ 15.4 ዋት እንዲሰጥ ፈቀደ። ኬብሉ 100 ሜትር ሲረዝም እስከ 2.45 ዋት ድረስ በሽቦው ውስጥ ወደ ሙቀት ሊለወጥ ስለሚችል፣ ለተቀባዩ የሚታሰበው 12.95 ዋት ብቻ ነው። ይህ መጠን እ.ኤ.አ. በ2009 ከስዊቹ በኩል ወደ 30 ዋት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ እስከ 90 ዋት ከፍ ብሏል።

ዘዴውን በፋብሪካ ውስጥ የሚተክል ባለሙያ ሦስት ተግባሮችን በቅደም ተከተል ይፈጽማል።

አንደኛ፣ የኃይሉን ምንጭ ይመረምራል። በፋብሪካ መቆጣጠሪያ ሣጥኖች ውስጥ የሚገኘው ምንጭ ብዙውን ጊዜ ባለ24 ቮልት ነው። ስዊቹ ይህን ከፍ የሚያደርግ ክፍል በውስጡ ከሌለው ባለ48 ቮልት ምንጭ ሊዘጋጅለት ይገባል።

ሁለተኛ፣ ሒሳቡን ይሠራል። ስዊቹ ለመሰኪያዎቹ የሚያከፋፍለው ኃይል በጠቅላላው 120 ዋት ነው እንበል። እያንዳንዳቸው 15.4 ዋት የተመደበላቸው ስድስት ካሜራዎች 92.4 ዋት ይወስዳሉ። 30 ዋት የሚያስፈልገው ሌላ ካሜራ ቢጨመር ድምሩ 122.4 ዋት ይሆናል። ባዶ መሰኪያ ቢኖርም እንኳ ኃይሉ አይበቃም።

ሦስተኛ፣ ለመሰኪያዎቹ የቅድሚያ ደረጃ ይሰጣል። ኃይል ሲያጥር ስዊቹ ዝቅተኛ ደረጃ ያለውን መሰኪያ ያጠፋል። ይህ ደረጃ በጥንቃቄ ካልተወሰነ፣ የቢሮው ስልክ እየሠራ በቀበቶው አጠገብ ያሉትን ሠራተኞች የሚጠብቀው ካሜራ ሊጠፋ ይችላል።

እንግዲህ ስዊቹ ማን ኃይል እንደሚቀበል በራሱ ይለያል፤ ለሰው ሕይወት የሚያስፈልገው የትኛው እንደሆነ ግን አያውቅም። ይህን አስቀድሞ መወሰን የባለሙያው ኃላፊነት ነው።

መልመጃ

1. ስዊቹ ኃይል ከመልቀቁ በፊት ምን ያደርጋል?
2. ከስዊቹ የሚወጣውና ለተቀባዩ የሚደርሰው ኃይል ለምን ይለያያሉ?
3. በምንባቡ ምሳሌ መሠረት፣ ሰባተኛው ካሜራ እንዲሠራ ምን መደረግ አለበት? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።