የስቲከር መቁረጫ ማሽን

የስቲከር መቁረጫ ማሽን (በሥራው ላይ ባሉ ሰዎች አጠራር ከተር ፕሎተር ወይም በአጭሩ ፕሎተር) ከኮምፒውተር በሚላክለት ትእዛዝ እየተመራ፣ በጀርባው ሙጫ ያለውን የቪኒል ፕላስቲክ በስለታም ምላጭ በፊደልና በሥዕል ቅርጽ የሚቆርጥ መሣሪያ ነው። የሱቅ ስም፣ የመኪና ላይ ጽሑፍ፣ የመስታወት ማስዋቢያና በሙቀት ልብስ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ በዚህ ማሽን ይዘጋጃሉ። ማሽኑ አያትምም፤ የሚታየው ቀለም የቪኒሉ የራሱ ቀለም ነው። ለአነስተኛ የማስታወቂያ ሥራ ድርጅት ከዋና ዋና የመነሻ ንብረቶች አንዱ ስለሆነ፣ ሥራው ሲያድግ የትኛውን ማሽን መግዛት እንደሚሻል ማወቅ ጠቃሚ ነው።

ታሪክ

የመቁረጫ ማሽን መነሻው በብዕር የሚሥል ፕሎተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ካልኮምፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኮምፒውተር እየታዘዘ በወረቀት ላይ መስመር የሚሥል 565 የተሰኘ ማሽን ለገበያ አቀረበ። በብዕሩ ቦታ ምላጭ ሲገባ መሥያው መቁረጫ ሆነ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ጨርቅን በኮምፒውተር የሚቆርጥ ማሽን በመሥራት የሚታወቀው የጆሴፍ ገርበር ኩባንያ ለማስታወቂያ ሠሪዎች የፊደል መቁረጫ አወጣ። በ1981 በጃፓን የተቋቋመው ሮላንድ ዲጂ ደግሞ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ካም-1 የተባሉትን አነስተኛ ማሽኖች በማቅረብ ሥራውን ወደ ትንንሽ ሱቆች አደረሰው። ዛሬ ከሮላንድ ሌላ የጃፓኖቹ ግራፍቴክና ሚማኪ፣ የቤልጅጉ ሱማ እንዲሁም በርካታ የቻይና አምራቾች በዘርፉ ይሠራሉ።

አሠራር

ማሽኑ በሁለት አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል። የቪኒሉ ጥቅል በሻካራ የብረት ዘንግና ከላይ በሚጫኑት የጎማ ጎማዎች መካከል ተይዞ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል፤ ምላጩን የያዘው ራስ ደግሞ ግራና ቀኝ ይመላለሳል። የሁለቱ እንቅስቃሴ ሲጣመር ማንኛውም ቅርጽ ይቆረጣል።

ብዙ ማሽኖች የሚረዱት ቋንቋ ሂውሌት ፓካርድ ለፕሎተሮቹ ያዘጋጀው ኤች ፒ ጂ ኤል ነው። ትእዛዞቹ ቀላል ናቸው፦ ብዕሩን አንሣ፣ ብዕሩን አውርድ፣ ወደዚህ ነጥብ ሂድ። የቋንቋው አንድ አሃድ 0.025 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ 40 አሃድ አለ። እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ለመቁረጥ ማሽኑ በየጎኑ 4,000 አሃድ እንዲጓዝ ይታዘዛል። ክብና ጥምዝ ቅርጾች አብዛኛውን ጊዜ የሚላኩት በብዙ አጫጭር ቀጥታ መስመሮች ተከፋፍለው ነው።

የተለመደው ምላጭ እንደ ጋሪ የፊት ጎማ በነጻ የሚዞር ነው። ጫፉ ከሚዞርበት መሐል ነጥብ በጥቂቱ፣ ብዙ ጊዜ በ0.25 ሚሊ ሜትር፣ ወጣ ብሎ ስለሚገኝ እየተጎተተ አቅጣጫውን ያስተካክላል። ይህ ርቀት ለማሽኑ በትክክል ካልተነገረው ማእዘኖች ይዶለዱማሉ፤ ክቦችም መነሻና መድረሻቸው ሳይገጥም ይቀራል።

ምላጩ ቪኒሉንና ሙጫውን ቆርጦ የጀርባውን ወረቀት ግን ሳይበሳ ማለፍ አለበት። ከተቆረጠ በኋላ ትርፉ ክፍል እየተነቀለ ይለቀማል፤ የቀረው ፊደል በማስተላለፊያ ቴፕ ተነሥቶ በታለመለት ቦታ ይለጠፋል።

የማሽን መምረጫ መስፈርቶች

ስፋት። የማሽኑ ስፋት የሚወስነው የማስታወቂያውን ርዝመት ሳይሆን የፊደሉን ቁመት ነው፤ ጽሑፉ በጥቅሉ ርዝመት ስለሚዘረጋ ነው። 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቅል 50 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለውን ጽሑፍ በ5 ሜትር ርዝመትም ቢሆን ይይዛል። የፊደሉ ቁመት 90 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን በሁለት ተቆርጦ መቀጠል አለበት፤ መቀጠያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይታያል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚበዛበት ድርጅት 120 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚቆርጥ ማሽን ያስፈልገዋል። አብዛኛው ሥራው የመኪናና የመስታወት ጽሑፍ ለሆነ ድርጅት ግን ከአንድ ሰፊ ማሽን ይልቅ ሁለት ባለ 61 ሴንቲ ሜትር ማሽኖች ሊሻሉ ይችላሉ፤ አንዱ ሲበላሽ ሥራው አይቆምም።

ጥቅሉን ቀጥ አድርጎ መያዝ። በርካሽ ማሽኖች ላይ ጎልቶ የሚታየው ድክመት ይህ ነው። ጥቅሉ በየሜትሩ ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ ከሄደ ረጅም ጽሑፍ ይጣመማል፤ ሥራው ሁሉ ይጣላል። ከመግዛት በፊት የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ፦ 5 ሜትር ርዝመት ያለው ጠባብ አራት ማእዘን ሁለት ጊዜ በላዩ ላይ ማስቆረጥ። ሁለተኛው መስመር የመጀመሪያውን ተከትሎ ከገጠመ ማሽኑ ጥሩ ነው።

ሞተር። ስቴፐር ሞተር በታዘዘው ልክ ይዞራል፤ አንድ ነገር አደናቅፎት እርምጃ ቢያጎድል ግን አያውቅም፤ ቀሪውን ሁሉ ከተሳሳተ ቦታ ይቀጥላል። ሰርቮ ሞተር ያለበትን ቦታ በመለኪያ እያነበበ ስሕተቱን ያርማል፤ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ዋጋው ግን ይበልጣል።

የመጫን ኃይል። በግራም ይለካል። ተራ ቪኒል ለመቁረጥ ከ80 እስከ 150 ግራም ብዙ ጊዜ ይበቃል። አንጸባራቂ ቪኒል፣ ወፍራም የልብስ ቪኒልና ለአሸዋ መርጫ የሚውል ጎማ ግን ከዚህ የበለጠ ይፈልጋሉ። የሙያ ማሽኖች ከ350 እስከ 600 ግራም ይደርሳሉ። ለቀጭን ቪኒል ባለ 45 ዲግሪ፣ ለወፍራም ባለ 60 ዲግሪ ምላጭ የተለመደ ነው።

የታተመን ሥዕል ዙሪያ መቁረጥ። ባለ ብዙ ቀለም ስቲከር በመጀመሪያ በሌላ ማሽን ይታተማል፤ ከዚያ ዙሪያው ይቆረጣል። ለዚህ ማሽኑ በሕትመቱ ላይ ያሉትን ጥቁር ምልክቶች የሚያነብ ዳሳሽ ሊኖረው ይገባል። ዳሳሹ ምልክቶቹን አይቶ ሕትመቱ ምን ያህል እንደተጣመመ ያሰላል፤ መቁረጫውንም በዚያው ልክ ያስተካክላል። በእጅ በቀይ ብርሃን ነጥብ ከሚስተካከለው ማሽን ይልቅ በራሱ የሚያነበው ጊዜና ቪኒል ይቆጥባል።

ፍጥነት። በማስታወቂያ ላይ የሚጎላው ይህ ቁጥር ብዙ አያከራክርም። 60 ሜትር የመቁረጫ መስመር ያለው ሥራ በሰከንድ 600 ሚሊ ሜትር በሚሄድ ማሽን 100 ሰከንድ፣ በ300 በሚሄደው 200 ሰከንድ ይፈጃል። በትንንሽ ፊደላት ላይ ማሽኑ በየማእዘኑ ስለሚያቀዘቅዝ ሁለቱም ከዚህ ይዘገያሉ። የመልቀሙ ሥራ ግን ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ፈጣን ማሽን ሳይሆን ንጹሕ አድርጎ የሚቆርጥና ለመልቀም የሚመች ማሽን ቀኑን ያሳጥራል።

ጥገናና መለዋወጫ። ምላጭ፣ ምላጩ የሚያርፍበት ነጭ ማሰሪያና የጎማ ጎማዎች የሚያልቁ ነገሮች ናቸው። እነዚህን በአካባቢው ማግኘት የማይቻልበት ማሽን የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለወራት ሊቆም ይችላል።

የዋጋ ስሌት

በሁለት ማሽኖች መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ማሽኑ በየወሩ በሚያድነው ገንዘብ ማካፈል ጥሩ መነሻ ነው። ለምሳሌ ያህል ልዩነቱ 150,000 ብር ይሁን። የተሻለው ማሽን በወር 4,000 ብር የሚያወጣ ቪኒል ከብክነት ቢያድንና ለሌላ ድርጅት ይከፈል የነበረ 6,000 ብር ቢያስቀር፣ ልዩነቱ በ15 ወር ይመለሳል። ድርጅቱ ያን ያህል ሥራ ከሌለው ርካሹ ማሽን ትክክለኛ ምርጫ ነው።

የግዕዝ ፊደልና የመቁረጫ ማሽን

በአማርኛ የሚሠራ ድርጅት ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ከመካተቱ በፊት የተሠሩ ፎንቶች ፊደሉን በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀምጡት ነበር። በእነዚህ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለው ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ጽሑፍ ይሆናል። መፍትሔው ፋይሉን ከመላክ በፊት በኮረል ድሮው፣ በኢሉስትሬተር ወይም በነጻ በሚገኘው ኢንክስኬፕ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ መለወጥ ነው። የፊደሉ ክፍሎች ተደራርበው የተሠሩ ከሆነም አንድ ላይ መዋሐድ አለባቸው፤ አለበለዚያ ማሽኑ መደራረቡን ሁሉ ስለሚቆርጥ ፊደሉ ይሰነጣጠቃል።

እንደ «ሌ» እና «ቤ» ባሉ ኀምስ ፊደላት ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት በደቂቅ ጽሑፍ ስትቆረጥ በቀላሉ ትነሣለች። ለትንሽ ጽሑፍ ወፈር ያለ ፎንት ይመረጣል። ቪኒሉ ለቀለም መርጫ በቅርጽ ማውጫነት ሲያገለግል፣ እንደ «ዐ»፣ «መ» እና «ፀ» ያሉት ፊደላት የውስጥ ቀዳዳ በማስተላለፊያ ቴፕ አብሮ ካልተነሣ ቦታውን ይስታል።

የቪኒል ዓይነትና የፀሐይ ጉዳት

ማሽኑ ጥሩ ቢሆንም ቪኒሉ ካልተመረጠ ሥራው አይቆይም። በመዳመጥ የሚሠራው ቪኒል ርካሽ ነው፤ ሆኖም ወደ ነበረበት መጠን መመለስ ስለሚፈልግ ከጊዜ በኋላ ይሸበሸባል፣ ጠርዙም ይገለበጣል። በፈሳሽ ተዘርግቶ የሚደርቀው ቪኒል ቀጭን፣ ወደ 50 ማይክሮን የሚጠጋ ሲሆን በመኪና ጥምዝ አካል ላይ በደንብ ይቀመጣል፣ ረጅም ዕድሜም አለው። የፀሐይ አልትራ ቫዮሌት ጨረር ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ በግምት 10 ከመቶ ይጨምራል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ለዓመታት የሚቆም ጽሑፍ ሲሠራ ይህን ማስላት ተገቢ ነው።

ደኅንነትና ኃይል

ቪኒል ፒ ቪ ሲ ስለሆነ በሌዘር መቁረጥ አደገኛ ነው። ሲቃጠል የሚወጣው የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፤ ማሽኑንም ያዝገዋል። በምላጭ መቁረጥ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መቁረጫው የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው። ነገር ግን በሥራ መሐል መብራት ከጠፋ ማሽኑ የነበረበትን ቦታ ሊረሳና የተጀመረው ቪኒል ሊበላሽ ይችላል። ማሽኑንና ኮምፒውተሩን አንድ ላይ በአነስተኛ ዩፒኤስ ማገናኘት የተጀመረውን ሥራ ለመጨረስ ጊዜ ይሰጣል።