የሆልካም ታላቁ የጡብ ጎተራና አሠራሩ

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ አውራጃ፣ በሆልካም ርስት እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ትልቅ የጡብ ጎተራ ዛሬም ቆሞ ይገኛል። ንድፉን ያወጣው አርክቴክት ሳሙኤል ዋያት ሲሆን ያሠራው ባለርስቱ ቶማስ ኮክ ነው። ጎተራ እንበለው እንጂ የተወቃ እህል ብቻ የሚቀመጥበት አልነበረም፤ ነዶ የሚከመርበት፣ እህል የሚወቃበት ቤት ነው። መጋዘን ወይም በረት ለማሠራት ለሚያስቡ ማኅበራት የአሠራሩን ምክንያት በአጭሩ እንገልጻለን።

የእርሻ ጸሐፊው አርተር ያንግ በ1804 እንደመዘገበው ርዝመቱ 120 ጫማ (36 ሜትር ተኩል ያህል)፣ ወርዱና ከፍታው 30፣ 30 ጫማ ነው። ግድግዳው ነጣ ካለ ጡብ፣ ክዳኑ በኖርፎክ ከማይገኝ ሰማያዊ የድንጋይ ገበታ ነው። ወጪው ተራ ገበሬ የሚደፍረው እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ለእኛ ግን ከግርማው ይልቅ ዙሪያውን የከበበው፣ 60 ከብት የሚይዘው በረት ይበልጥብናል። ጭዱ ከመውቂያው ሳይርቅ ለከብቱ ጉዝጓዝ ይሆናል፤ ጉዝጓዙ ፍግ፣ ፍጉም ለአሸዋማው መሬት ማዳበሪያ ይሆናል። በአካባቢው ተርኒፕ፣ ገብስ፣ ክሎቨርና ስንዴ በ4 ዓመት ይፈራረቁ ስለነበር፣ ከብቱ መኖ፣ እህሉም ፍግ አያጣም ነበር።

በዘመኑ የእንግሊዝ ጎተራዎች መውቂያው ከጣሪያ በታች የሆነው በዝናቡ ምክንያት ነው። ትልልቆቹ በሮች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ነዶ የጫነ ጋሪ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ሁለቱም ሲከፈቱ የሚያልፈው ነፋስ እህሉን ከእብቅ ለመለየት ያገለግላል። በብዙዎቹ የጡብ ጎተራዎች ግንበኛው አልፎ አልፎ ጡብ እየዘለለ የአየር ቀዳዳ ይተው ነበር፤ እርጥብ ነዶ ታፍኖ ከተከመረ ይግላል፣ ይሻግታልና።

በዚሁ ጎተራ ኮክ እስከ 1821 ድረስ በየዓመቱ የበግ ሸለታ ጉባኤ ያደርግ፣ ለእንግዶቹም የእርሻውን ሥራ ያሳይ ነበር። ይሁን እንጂ የስኮትላንዱ አንድሩ ሚክል የመውቂያ መኪናውን የሠራው ጎተራው ሊገነባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ በ1786 ገደማ ነው። በእጅ መውቃት በብርዱ ወራት የቀን ሠራተኛው እንጀራ ነበር። መኪናው እየተስፋፋ ሲሄድ በ1830 በኖርፎክም ጭምር ሠራተኞች ተነሥተው መኪናዎቹን ሰባበሩ።